ለእኛ የተተወው መርፌ

ዶክተሯ «ውሳኔው የእናንተ ነው» ስትል የተረጎምኩት እኔ ነበርኩ። እህቴ ጨቅላ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ከጎኔ ተቀምጣለች። ዶክተሯ በፈረንሳይኛ ትናገራለች፣ እኔ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። እህቴ ታላቄ ናት፤ ተወልዳ ያደገችው ድሬዳዋ ስለሆነ ፈረንሳይኛዋ ከገበያ አያልፍም፤ እኔ ግን ገና በሕፃንነቴ ወደ ጅቡቲ ስለመጣሁ ፊደል የቆጠርኩት እዚሁ ነው። በዚያ ላይ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የጤና ትምህርት ጀምሬአለሁ። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ራሱን ያመመው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው እኔን ነው። እስካሁን የተማርነው ስለ ሕዋስ ብቻ ነው ብልም የሚሰማኝ የለም።

የእህቴ ልጅ የተወለደው ጊዜው ሳይደርስ ነው፣ በሰባተኛው ወር። እዚህ ኩቬዝ በሚሉት የሕፃናት ማሞቂያ ውስጥ ሰንብቶ ሲወጣ አንድ ደህና ዶሮ አያህልም ነበር። ዶክተሯ የነገረችን እንዲህ ነው። የብርዱ ወራት እየመጣ ነው። በእነዚህ ወራት የሚዛመት አንድ ቫይረስ አለ፤ ትልቅ ሰው ሲይዝ ጉንፋን ሆኖ ያልፋል፣ ሳንባው ሳይጠና የተወለደ ሕፃን ሲይዝ ግን ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ኦክስጅን እስከመፈለግ ያደርሳል። ለዚህ የሚከላከል መርፌ አለ። እንደ ሌላው ክትባት ሰውነትን የሚያስተምር አይደለም፤ መከላከያው ራሱ ተዘጋጅቶ የመጣ ነው፣ ታፋው ላይ አንዴ ይወጋና ወቅቱን ያሻግረዋል። ጤና ጣቢያ ከሚሰጡት ክትባቶች ጋር ግን የለም፤ ፋርማሲ ከውጭ ማስመጣት አለበት።

«እኔ ቢወጋ ደስ ይለኛል» አለች ዶክተሯ። «ግን ግዴታ አይደለም። ውሳኔው የእናንተ ነው።»

አንድም ነገር ሳልዘል ተረጎምኩ። እህቴ እስከ መጨረሻው አዳምጣ፣ «እሺ፣ ምን አለች?» አለችኝ።

«ቢወጋ ጥሩ ነው አለች።»

«ይወጋ አለች?»

«እናንተ ወስኑ አለች።»

«እኔ ሐኪም ነኝ እንዴ?»

ይህንንም ተረጎምኩ። ዶክተሯ ፈገግ ብላ ያንኑ ደገመችው። መድኃኒቱን የሚያስመጣውን ወረቀት ጽፋ ሰጠችንና፣ ተመካክራችሁ ንገሩኝ ብላ ሸኘችን። እኔ እንግዲህ ተመካክራችሁ የሚለው ቃል በእኛ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ስለማውቅ፣ ገና ታክሲው ውስጥ ሳለን የምናገረውን በልቤ አጠናሁ።

ጋቦዴ ሰፈር ያለው የእህቴ ቤት ስንደርስ እናቴና አጎቴ ይጠብቁን ነበር። አጎቴ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ወረድ ብሎ የጨርቃ ጨርቅ መደብር አለው። አባታችን ከሞተ ወዲህ ቤተሰቡ ውስጥ ያለ እሱ የሚቆረጥ ነገር የለም። የእህቴ ባል ደግሞ ለንግድ ድሬዳዋ ስለነበረ በስልክ ገባ፤ ስልኩ መሶብ ላይ እንደተቀመጠ ሳህን ትራስ ላይ መሃላችን ተቀመጠ፣ ሁሉም ወደ እሱ አጎንብሶ መናገር ጀመረ።

ታክሲ ውስጥ ያጠናሁትን ማብራሪያ አቀረብኩ። ስጨርስ እናቴ ራሷን ነቀነቀች።

«የሰባት ወር ልጅ ምንም አይሆንም» አለች። «የሰባት ወር ልጅ አላህ ጨርሶ ያወጣው ልጅ ነው። የሚያስፈራው የስምንት ወሩ ነው።»

«እማ፣ ሆድ ውስጥ ስምንት ወር የቆየ ልጅ እኮ ሳንባው የተሻለ ይጠናል።»

«ይኼን ነው ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩሽ?»

«እሱ… ገና አልደረስንበትም።»

አጎቴ ሳቀ። ስልኩም ሳቀ። ከዚያ በኋላ የተናገርኩት ሁሉ ዋጋው ወረደ።

የእህቴ ባል የያዘው ነጥብ ሌላ ነበር። «ዶክተሯ ካመነችበት ለምን አላዘዘችም? ሐኪም ያዛል እንጂ ያማክራል እንዴ? እናንተ ወስኑ ካለች እሷም እርግጠኛ አይደለችም ማለት ነው።»

ዶክተሯ የወላጅን ፈቃድ ማክበሯ ነበር። የእኛ ሰው ግን ሐኪም ቤት የሚሄደው ትእዛዝ ለመቀበል ነው፤ አድርግ የተባለውን ያደርጋል፣ ተው የተባለውን ይተዋል። ምርጫ የሰጠችው ዶክተር መድኃኒቷን የተጠራጠረች ትመስለዋለች። እሷ በአክብሮት የተወችልንን ነገር እኛ እንደ ድክመት ተቀበልነው፣ እኔ ደግሞ መሃል ሆኜ ለአንዱም ለሌላውም ማስረዳት አልቻልኩም።

«እስቲ ዶክተራችን ንገሪን» አለ አጎቴ ወደ እኔ ዞሮ። «ይወጋ ወይስ አይወጋ?»

«ይወጋ ነው የምለው፣ አጎቴ።»

«አየሽ፣ ልጅ ነሽ። እንዲህ ያለ ነገር በችኮላ አይሆንም።»

«ታዲያ አይወጋ?»

«እኔ አይወጋ አልኩ?»

«አላልክም።»

«እህ! ኢንሻአላህ እናያለን።»

ስብሰባው በዚሁ አበቃ። ኢንሻአላህ የሚለውን ቃል እኔም አምኜ እላለሁ፤ የሚያናድደኝ ሰው ሊወስነው የሚገባውን ነገር ቃሉ ሥር ደብቆት ሲሄድ ነው። እህቴ ያን ሁሉ ጊዜ ልጇን ታጠባ ነበር። ምን ትያለሽ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። እኔም ራሴ አልጠየቅኳትም፤ ዓይኔ ያለው እነሱ ላይ ነበር።

አጎቴ እናያለን ሲል ግን ዝም ብሎ ተቀምጦ አልነበረም። እሱ ነጋዴ ነው፤ ለእሱ ዕቃው መጀመሪያ ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ ይፈለግ አይፈለግ ይታያል። በሳምንቱ መደብሩ ጠርቶኝ ወረቀቱን ካልሰጠሽኝ አለ። የሚስቱ ወንድም ዱባይ አለ፣ ወደዚህ የሚመጣበትም ቀን ደርሷል።

«ፋርማሲው ያመጣዋል እኮ፣ አጎቴ።»

«ፋርማሲው እስኪያመጣ ልጁ ያገባል።»

«ዶክተሯ ቀዝቃዛ ይሁን፣ ግን በረዶ እንዳይሆን ብላለች። በረዶ ከሆነ ይበላሻል።»

«ሃምሳ ዓመቴ ነው፣ ዕቃ ማስመጣት ልታስተምሪኝ ነው?»

«አይደለም፣ ብቻ እንዳይረሳ ብዬ…»

«ቀዝቃዛ ይሁን። ሰማሁ። ሂጂ ተማሪ።»

የሰማው ግማሹን ነበር። በእርግጥ አልፈርድበትም፤ በዚህ ከተማ ሁሉም ነገር የሚበላሸው በሙቀት ነው። ዓሣው፣ ወተቱ፣ ቲማቲሙ፣ በየቀኑ ከኢትዮጵያ የሚገባው ጫት እንኳ ፀሐይ እንዳያየው እየተጠቀለለ እየተሮጠ ነው የሚመጣው። ብርድ ያበላሸው ነገር አይቶ የሚያውቅ ሰው ጅቡቲ ውስጥ ከየት ይገኛል? እኔ ብርድን ፍሩ ስል ባሕር ላይ ቆሜ ጥሙን ፍሩ እንደማለት ነበር።

የሚስቱ ወንድም የመጣው ዓሣ የሚጫንበት ዓይነት ነጭ ሣጥን ይዞ ነው። አጎቴ ራሱ ተሸክሞት እህቴ ቤት ገባ። «ይኸው! ከዱባይ እስከዚህ ሙቀት የሚባል ነገር አልነካውም» አለ። ከዚያ ዕቃው ከመጣ ዘንድ ይወጋ ተባለ። ማንም አልተከራከረም። እናቴም «ኸይር ያድርገው» አለች። እኔ ደስ ቢለኝም ሣጥኑን ከፍቼ ለማየት እንኳ አልደፈርኩም፤ ቅዝቃዜው እንዳይወጣ ብሎ አጎቴ በፕላስተር ዙሪያውን አሽጎት ነበር።

ከአጎቴ ጋር ሐኪም ቤት ስንወስደው ፕላስተሩን የቀደደችው ዶክተሯ ናት። ክዳኑን ስታነሳ ውስጡ የተፈጨ በረዶ ሞልቶበታል። የመርፌው ካርቶን መሃል ላይ ተቀብሯል። አውጥታ ወደ መብራቱ ስትይዘው፣ መርፌው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ነጭ ሆኖ ረግቷል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና እኔን አየችኝ። ምን እንደምትል ስላወቅኩ ከመናገሯ በፊት ፊቴ ጋለ።

«ይህን አልወጋውም።»

አጎቴ ቃሉን ለመረዳት እኔን አልጠበቀም። «ሜ ዶክተር!» አለ በሚያውቃት ፈረንሳይኛ፣ ግን እኮ ለማለት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ይቀልጣል በያት! አሁን ይቀልጣል!»

ተረጎምኩ። ዶክተሯ ይቀልጣል፣ ከቀለጠ በኋላ ግን መሥራት አለመሥራቱን ማንም ሊያውቅ አይችልም አለች።

«ሥጋ ከፍሪዘር አውጥተን አይደለም እንዴ የምንበላው? በያት!»

አፍሬ ተረጎምኩ። ዶክተሯ ሳቀች። «ሥጋውን ለምሳ ነው የምትፈልገው፣ ልጅ እንዲጠብቅልህ አይደለም» አለች። ይህን እንኳ ልተወው አስቤ ነበር፣ አጎቴ ግን ምን አለች ምን አለች እያለ እጄን ያዘኝ። ስነግረው ወንበሩ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሣጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ እየቀለጠ በጠረጴዛው እግር ወደ ወለሉ ይንጠባጠብ ነበር። አዘንኩለት፤ ያን ያህል ለፍቷል። በዚያው ልክ ደግሞ ነግሬህ ነበር ብዬ መጮህ ፈለግኩ። አልጮህኩም። ዶክተሯን ይቅርታ ጠየቅኩና እንደገና በፋርማሲ በኩል እንድናዝ የምትጽፈውን ወረቀት ተቀበልኩ።

ከበሩ ሳንወጣ አጎቴ ተጽናና። «ኸይር ነው» አለ። «ምናልባት እንዳይወጋ ተፈልጎ ይሆናል።» ቤት ስንደርስ እናቴም ይህንኑ ሰምታ «እኔስ ልቤ ነግሮኝ ነበር፤ የሰባት ወር ልጅ ነው አላልኳችሁም?» አለች። ባልየውም በስልክ ሰማና እፎይ ያለ መሰለኝ። መርፌው ሲመጣ የአላህ ፈቃድ ሆነ፣ ሲበላሽም የአላህ ምልክት ሆነ። በረዶ ውስጥ የቀበርነው እኛው መሆናችንን የተናገረ የለም። እኔ ስናገር ደግሞ «ለአጎትሽ ክብር ይኑርሽ» ተባልኩ። አዲሱ ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ቀረ።

ብርዱ ገባ። የእኛ ብርድ ሌላ አገር ብርድ አይባልም፤ ሰው ግን ሹራቡን አወጣ፣ ሳሉም ተጀመረ። ልጁን ለማየት የሚመጣው ዘመድ አልቀነሰም። አንዷ አፍንጫዋን በሻሽዋ ጫፍ ጠርጋ ስታበቃ ጉንጩን ልትስም ታጎነብሳለች። እኔ «ጉንፋን ካለብዎት ባይስሙት» ስል፣ «ዶክተራችን መጣች» ብለው ይስቁና ይስሙታል። እህቴ አብራ ትስቃለች፣ ግን ልጁን ወደ ሌላው ትከሻዋ ታዞረዋለች።

አንድ ቀን ጠዋት ከትምህርት በፊት ጎራ ብል፣ እህቴ ልጁን ልብሱን አውልቃ መስኮቱ ሥር አስተኝታዋለች። አፍንጫው ተዘግቷል። ጡት ይዞ ወዲያው ይለቃል፣ እንደገና ይዞ ይለቃል። እሷ ደረቱ ላይ አጎንብሳ የጎድን አጥንቱ መሃል ሲገባና ሲወጣ ትመለከታለች።

«ይሄ ነው?» አለችኝ። «ዶክተሯ ያለችው ይሄ ነው?»

አላውቅም ነበር። የማላውቅ መሆኔን ስነግራት የተሰማኝን ኀፍረት አልረሳውም። ይዘነው ሄድን። ዶክተሯ ሳንባውን አዳምጣ የአፍንጫ መዘጋት ብቻ መሆኑን ነገረችን፤ በጨው ውኃ ጠርጋ አሳየችንና እዚያው እናቱ እቅፍ ውስጥ ጠባ። እህቴ አልሐምዱሊላህ አለች። ከዚያ ሻሽዋን አስተካክላ ወደ እኔ ዞረች።

«ወረቀቱ የት አለ?»

«ቦርሳዬ ውስጥ።»

«ነይ።»

«የት?»

«ፋርማሲ ነዋ።»

ታክሲ ውስጥ እንደገባን ለአጎቴ ልደውልለት ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ለሹፌሩ መንገዱን አሳየችው። ለባሏስ አልኳት። «ሲደውል እነግረዋለሁ» አለች። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሰውን ሁሉ ማስደሰት የለመደው ልቤ ፈራ፤ አጎቴ ሳይሰማ እንዲህ ያለ ነገር ሲደረግ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

ፋርማሲው «ቅዳሜ ይደርሳል» አለ። ቅዳሜ ሄጄ «ሰኞ» አለ። ሰኞ «መርከቡ ሳይሆን አውሮፕላኑ ነው የዘገየው» አለኝ፣ የመርከብ ነገር ማን እንዳነሳ ሳላውቅ። ክፍለ ጊዜ እየዘለልኩ እዚያ መቆም ሥራዬ ሆነ። በየቀኑ የሚስለው ሰው ይበዛል፣ በየቀኑ እህቴ በሩን ዘግታ ልጁ ተኝቷል ትላለች፣ ዘመዱ ይቀየማል፣ እናቴ ታፍራለች፣ እኔ ባዶ እጄን እመለሳለሁ። ከዚያ ፋርማሲው ደርሷል ብሎ የደወለልኝ ምንም ሳልጠብቅ፣ ኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ ሳለሁ ነው።

ዶክተሯ ወጋችው። ከፍሪጅ ወጥቶ የበረዶ ጥቅሉ ሳይነካው በትንሽ ቦርሳ የመጣ ንጹሕ ፈሳሽ ነበር፤ አጠገቧ ቆሜ ዓይኔን ሳልነቅል አየሁት። ልጁ አንድ ጊዜ በሙሉ ድምፁ ጮኸ። ያን ያህል ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር።

በመንገድ ላይ ለእናቴ የምነግራትን አዘጋጀሁ። ስለ ሳንባው፣ ስለ ሰባትና ስምንት ወሩ፣ ዶክተሯ ስላልሰጠችው ትእዛዝ፣ ለምን ሳንነግራቸው እንደሄድን፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል። ስንገባ ልጁን ተቀበለችን። ዳይፐሩን ልትቀይር ስትፈታ ታፋው ላይ ያለችውን ትንሽ ፕላስተር አየች። እጇ ቆመ። እኔ ትንፋሼን ሳብኩ፣ አፌን ከፈትኩ።

«አለቀሰ?» አለች፣ እህቴን ብቻ እያየች።

«ትንሽ።»

እናቴ ፕላስተሩን ሳትነካ ዳይፐሩን በቀስታ ዘጋች። ከዚያ ስልኳን አንስታ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ሊጠይቁ ይመጣሉ የተባሉትን ዘመዶች ዛሬ አትምጡ፣ ልጁ ይረፍ አለቻቸው። እኔ ያን ሁሉ ያዘጋጀሁትን ንግግር ይዤ በሩ አጠገብ እንደቆምኩ ቀረሁ። ማንም ምንም እንዳልጠየቀኝ ሳስበው አሁንም ያናድደኛል።