ያልደረስኩባት «ይሁን እንጂ»

ሰው ሲያጨበጭብልኝ ደስ ይለኛል። ይህን ከወዲሁ ልናገረው፤ ኋላ የሆነው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

አብነት ውስጥ ክር፣ ቁልፍ፣ ዚፕና ገበር የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ትምህርቴን ገና በልጅነቴ ነው ያቋረጥኩት። ማንበብ የለመድኩት ዕቃ ተጠቅልሎባቸው ከሚመጡ ጋዜጦች ነው፤ ግማሹ ወሬ ተቀዶ ስለሚቀር የጎደለውን ከራሴ እየሞላሁ እጨርሰው ነበር። ጨዋታ ማሳመርም ያኔ የለመድኩት ይመስለኛል። ዚፕ ሊገዛ የገባ ደንበኛ ወሬዬ ሳያልቅ አይወጣም። ሰፈሩ ጉዳይ ሲኖረውም «አንቺ አፍ አለሽ፤ አንቺ ተናገሪልን» ይለኛል።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ወረዳው ነዋሪውን ለስብሰባ ጠራ። አገራችን የአህጉሩን የእግር ኳስ ዋንጫ ማዘጋጀት አስባለችና ስታዲየሙም መንገዱም የሚሠራው ከመንግሥት ካዝና፣ ያው ከእኛ ግብር ነው፤ ሕዝቡ ምን ይላል ተባለ።

የእኛ ሰፈር ሕዝብ የሚለው አንድ ነገር ነበር፤ ቱቦ። ከላይ የሚወርደው የጎርፍ መውረጃ እኛ ጋ ሲደርስ ተደፍኗል። ዝናብ ሲጥል ጥቁር ውሃ ገንፍሎ ይወጣና መጀመሪያ የሚገባው ልብስ ሰፊው አባባ ቤት ነው። አባባ በወጣትነታቸው ከወሎ መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚሁ ሲሰፉ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ አልጋቸውም የስፌት መኪናቸውም ያለው በአንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ባለፈው ክረምት ውሃው የመኪናውን እግር አዝጎት ነበር። ዘንድሮ ከደገመው መኪናው አይተርፍም፤ መኪናው ከሌለ ደግሞ የሚበሉት የለም። ለወረዳው ስንት ጊዜ ነገርን፤ መልሱ «በጀት የለም» ነው።

እንግዲህ እኔ ተመረጥኩ።

«ስለ ኳሱ ከሰው ጋር እንዳትከራከሪ» አሉኝ አባባ፣ ሱቄ በር ላይ ቆመው። «ኳሱን እኔም እወደዋለሁ። ስለ ቱቦው ብቻ ንገሪያቸው።»

ከጎኔ ድንችና ሽንኩርት የምትሸጠው ጎረቤቴ ጣልቃ ገባች። «ግብር ድሮ ይበላ ነበር አሉ። ንጉሡ ነበር የሚያበላው። ዛሬ እኛ እንከፍላለን፣ የሚበላው ሌላ።»

«ይህንንም ልናገረው?» አልኳት።

«ይህን ከተናገርሽ እኔን አታውቂኝም።»

የምናገረውን ቁልፍ እየለየሁ አጠናሁት። «በግብራችን ስታዲየም ይሠራበት፣ አንከለክልም፤ መጀመሪያ ግን ከዚያው ግብር ቱቦው ይጠረግልን።» ይኸው ነው። አንድ ትንፋሽ አይፈጅም።

ግን በእኛ አገር ስብሰባ ማንም ዘሎ ጉዳዩ ውስጥ አይገባም። ዕድሉ ስለተሰጠው ያመሰግናል፤ መድረኩን ያመሰግናል፤ ከዚያ ጠንካራ ጎኑን ያነሳል። ይህን ሁሉ ካለ በኋላ ነው «ይሁን እንጂ» የሚለው። የመጣበት ጉዳይ ያለው ከ«ይሁን እንጂ» ወዲያ ነው። ያንን ሥርዓት የዘለለ ሰው ጥያቄው ትክክል ቢሆንም ባለጌ ይመስላል።

አዳራሹ ሞልቷል። በየወንበሩ የታሸገ ውሃ ታድሏል። ሰብሳቢው ሙሉ ልብስ የለበሰ ለስላሳ ወጣት ነው። «እስቲ እናታችን» ብሎ ዕድሉን ሰጠኝ። አባባ ከፊት ለፊቴ ባለው ረድፍ ተቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ።

ዕድሉ ስለተሰጠኝ አመሰገንኩ። መድረኩን አመሰገንኩ። ጠንካራ ጎን ፍለጋ ደግሞ ስለ ስፖርት ማሰባችን መልካም ነው አልኩና፣ አባባን አየሁ፣ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

ልጅ ሆኜ በግቢያችን ቴሌቪዥን የነበረው አባባ ቤት ብቻ ነው። የእኛው ሯጭ አሥር ሺህ ሜትር የሚሮጥ ቀን ሰፈሩ እንዳለ እዚያ ጎረፈ። ቤቱ ሞላ፤ ውጭ የቀረውን ሰው በሩ ከለለው። ያኔ በሩ ከማጠፊያው ተነቀለ። ተነቅሎም መሬት ላይ ተጋደመና እኛ ልጆቹ እንደ ምንጣፍ ተቀመጥንበት። ይህን ነው የተናገርኩት። ስናገረው ደግሞ እንደ ልማዴ አሳመርኩት፤ አባባ መዶሻ አንስተው በሩን ሲገነጥሉ፣ «ጎረቤቴ ካላየ እኔም አላይም» ሲሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ጸጥታውን ስሰማ ድምፄ ራሱ ተለወጠ። «ያን ቀን ዓለምን ለማየት በር ነቅለናል» አልኩ፤ «ዓለም ወደ እኛ ሲመጣማ በራችንን እንዴት እንዘጋለን?»

አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ። አባባን እያመለከቱ፣ እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው፣ አጨበጨቡ። እኔም ትንፋሼን ሰብስቤ «ይሁን እንጂ» ልል አፌን ስከፍት ሰብሳቢው ማይክራፎኑን ይዟል።

«ከዚህ በላይ ምን ይባላል?» አለ። «በዚሁ ስሜት እንዝጋው። ነዋሪው በግብሩ ከስታዲየሙ ጎን እንደሚቆም በእናታችን አንደበት ሰምተናል።»

እጄን አነሣሁ ልበል? አላነሣሁም። እውነቱን ለመናገር ያን ሰዓት ቱቦውን ከነመኖሩም ረስቼዋለሁ። የማላውቃቸው ሰዎች እጄን ይጨብጡኛል፣ አንዷም ጉንጬን ሳመችኝ፤ ፊቴ ይሞቀኛል።

በሩ ላይ ጎረቤቴ የውሃ ጠርሙሷን ከፍ አድርጋ ጠበቀችኝ።

«ውሃ በዛብን ልንል ሄደን ውሃ አጠጥተው መለሱን» አለች።

ያኔ ገባኝ። አባባ ከኋላዋ ነበሩ። «ጥሩ ተናገርሽ ልጄ» ብለውኝ አለፉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ወረዳው ቢሮ ሄድኩ። ያው ወጣት ብድግ ብሎ ወንበር ሰጠኝ። ስለ ቱቦው ስነግረው ከልቡ አዘነ። «ችግሩ፣ እናታችን፣ ከመድረኩ ጥያቄው አልተነሣም። ቢነሣ ኖሮ ለክፍለ ከተማ እናስተላልፈው ነበር።» ቀጥሎም ፊቱ በራ፤ ክፍለ ከተማው ራሱ ትልቅ መድረክ አለው፣ የበሩን ታሪክ እዚያ ብደግመው ምን ይመስለኛል?

እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ በአባባ ደጅ ማለፍ ተውኩ። ሱቄ የምሄደው በሌላኛው ቅያስ ዞሬ ሆነ። ሰው «የበሩን አውሪልን» ሲለኝ ደንበኛ የመጣ አስመስዬ ዚፕ እፈልጋለሁ። ግብር ከፋይ ነኝ፤ ስታዲየሙ ሲሚንቶ ውስጥ የእኔም ላብ አለበት፤ ስለዚያ ሐሳቤን መጠየቅ መብቴ ነበር። ጠየቁኝም። የሚገርመው እሱ ነው፤ ጠየቁኝ፣ እኔም መልሴን በጭብጨባ ለወጥኩት።

ዝናቡ የመጣው ከቀትር በኋላ ነው። ጎረቤቴ «ገባ!» ስትል ሱቄን እንደተከፈተ ትቼ ሮጥኩ። አባባ ቤት ጥቁሩ ውሃ ቁርጭምጭሚት ደርሷል። መኪናውን እኔ፣ ጎረቤቴና እሳቸው ተጋግዘን አልጋው ላይ አወጣነው፤ መርገጫው ግን አስቀድሞ ተነክሯል። ሦስታችንም በባልዲ ስንቀዳ ቆየን። ዝናቡ ሲያባራ አባባ በሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ። ባልዲውን እንደያዝኩ አጠገባቸው ቆምኩ።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ቱቦውን እንደሁ አንቺ አልደፈንሽውም» አሉ። እግራቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «አንድ ነገር ብቻ። ያን በር የነቀልኩት እኔ አይደለሁም።»

«እንዴ፣ ታዲያ ማነው?»

«እሷ ናት። ባለቤቴ። እኔማ በሬን አትንኩብኝ ብዬ ስጣላ ነበር። ቢላዋ ይዛ መጥታ ብሎኑን ፈታችው። መዶሻ የሚባል አልነበረም። ያን ቀን ሲያጨበጭቡልኝ አፈርኩ። የእሷን ጭብጨባ ወሰድኩባት።»

አንገታቸውን ለምን እንደደፉ ያኔ ነው ያወቅሁት። እኔ ትሕትና መስሎኝ ነበር።

«ክፍለ ከተማ ትሄጃለሽ አሉ» አሉኝ። «ከሄድሽ ስሟን አንሺልኝ። እሷ ነች በይልኝ።»

ሄድኩ። አዳራሹ ከወረዳው ይሰፋል፤ ውሃውም ይበርዳል። ተራዬ ሲደርስ ምስጋናው በልማድ ምላሴ ላይ መጣ፤ ዋጥኩት። ካመሰገንኩ እንደማልመለስ አውቄዋለሁ።

«ይሁን እንጂ» ብዬ ጀመርኩ።

ሰዉ ሳቀ። ሰብሳቢዋ ሴት ፈገግ ብላ «እናታችን፣ መጀመሪያ የሚቀድም ነገር ያለ መሰለኝ» አለች።

«የሚቀድመው ቱቦ ነው» አልኩ። «በግብራችን ስታዲየም ይሠራበት፣ አንከለክልም፤ መጀመሪያ ግን ከዚያው ግብር ቱቦው ይጠረግልን። አንድ ሽማግሌ የስፌት መኪናቸውን ከውሃ አሽሽተው እኔ ሱቅ ውስጥ ነው ያስቀመጡት።»

«የዛሬው መድረክ በዝግጅቱ ላይ ነው» አለች፣ ሳትቆጣ። «የቱቦውን ለወረዳዎ ያቅርቡ። አመሰግናለሁ።» ማንም አላጨበጨበም። ከኋላ አንድ ሰው «የበሩስ ታሪክ?» ሲል ሰማሁ፤ እኔ ግን ተቀምጬ ነበር።

ወደ ሰፈር ስመለስ ደረቴን ነፋ አድርጌ ነበር፤ ልዋሽ አልችልም። ለአንዴ እንኳ ሳላሳምር ተናግሬያለሁ። አባባ ሱቄ ውስጥ ናቸው፤ ውሃው ከደገመ ብለን መኪናውን ወደ እኔ አምጥተነዋል፤ ከክሮቹ ሥር ባለችው ጥግ ቁጭ ብለው መርገጫውን ዘይት ይቀቡታል። ቱቦውን እንደተናገርኩ ነገርኳቸው፤ መልሱንም ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እሷንስ?» አሉኝ።

አፌ ተያዘ። አፍ አላት የምባለው እኔ።

አባባ ወደ መኪናቸው ተመለሱ። መርገጫው ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ግን ይሠራል። ቱቦው ይህን ስጽፍም አልተጠረገም፤ ሰማዩም ከብዷል። ደንበኛ ገብቶ የበሩን ጨዋታ ሲጠይቀኝ አሁን አላወራም፤ ወደ ጥጉ አሳየዋለሁ። አባባ ቀና ሳይሉ «ባለቤቴ ናት፣ በቢላዋ ፈታችው» ይላሉ፤ አለቀ። ደንበኛው ግራ ገብቶት እኔን ያያል፤ የቀረውን እንድጨምርለት። እኔም ስንት ሜትር ገበር እንደሚፈልግ እጠይቀዋለሁ።