የእማማ ሃሊና ሾርባ

ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ በአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ደጃፍ ሳልፍ እንጉዳይ ጥብስ ሸተተኝና ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

ልጅ ሳለሁ እዚሁ ኦክላንድ፣ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ እማማ ሃሊና የምንላቸው ፖላንዳዊት ይኖሩ ነበር። ዝናብ ሲያባራ ቅርጫታቸውን አንጠልጥለው ከኮረብታው ዛፎች ሥር እንጉዳይ ይለቅማሉ። በነቢያት ጾም አንድ ቀን ትኩስ የእንጉዳይ ሾርባ ይዘውልን መጡ።

«ልክ እንደ አገሬ! እናቴ ትለቅመው የነበረው ራሱ ነው» አሉ በእንግሊዝኛ፣ ፊታቸው በርቶ።

በሩ ሲዘጋ እማዬ «ክሬም አለው፤ እንዳትነኪው» ብላ ፍሪጅ ውስጥ ከተተችው።

«ማሚ፣ ጀስት ዋን ስፑን!» ብዬ ተነጫነጭኩ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ እማማ ሃሊናን በቃሬዛ እያወረዷቸው ነበር። ፊታቸው አመድ መስሏል። የአምቡላንሱ ሰው ምን እንደበሉ እማዬን ጠየቃት። «እንጉዳይ» አለች። ቤት ገብታ ሾርባውን ከነሳህኑ ጣለችው፤ እጇን እስኪቀላ ታጠበች።

«እዚህ አገር የሚገድለው የአገር ቤቱን የሚመስለው ነው» አለች ለራሷ። ስለ እንጉዳዩ ብቻ የምታወራ መስሎኝ ነበር። እማማ ሃሊና አልተመለሱም።

«ግቢ እንጂ እህቴ፣ ልክ እንደ አገር ቤት ነው የምንሠራው» አለችኝ የምግብ ቤቱ አስተናጋጅ ከበሩ።

ርቦኝ ነበር። አመስግኜ አለፍኩ።