በረኛው የሌለበት ፎቶ

የአሮጌ አልበም ፕላስቲክ ተጣብቆ ከርሞ ሲላቀቅ የምድር ቤትና የደረቀ ሙጫ ሽታ ይወጣዋል። ባለፈው ቅዳሜ "ለ ሊኞን" በሚባለው ሰፈር፣ የቡድናችን ፎቶ አንሺ ሳሎን ውስጥ ተቀምጬ ስድስት አልበም ሳገላብጥ ያ ሽታ እጄ ላይ ቀረ። የምፈልገው አንድ ፊት ብቻ ነበር።

ፎቶዎቹ ሲነሱ ሃያ ዓመቴ ነበር። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቬርኒየ ሜዳ ላይ የሚጫወት የአበሻ የእግር ኳስ ቡድን ነበረን፤ እኔ ደግሞ ደጋፊዋ ነበርኩ። ደጋፊዎች ነበርን ብልህ ደስ ባለኝ፤ ዝናብ ሲጥል ግን ከመስመሩ ዳር የምንቀረው እኔና ፎቶ አንሺው ነበርን። እሳቸው አዲስ አበባ ፎቶ ቤት የነበራቸው፣ እዚህ ስደት አገር ሆቴል ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጎል ሲገባ አያነሱም። "መረብ ውስጥ የገባ ኳስ ሁሌም አንድ ነው" ይሉ ነበር። የሚያነሱት አቀብሎ የተረሳውን፣ ተቀይሮ የወጣውን፣ ተጠባባቂውን ነበር። ልጆቹ ፎቷቸውን አገር ቤት ይልካሉና፣ ከማንሳታቸው በፊት የልጁን ፊት በራሳቸው መሐረብ ይጠርጉለታል። "እናትህ በጭቃ እንዳታይህ።"

በረኛው ብቻ አይነሳም። የጥገኝነት ጥያቄው ገና አልተወሰነም፤ ፎቶው ማን እጅ እንደሚገባ ደግሞ አያውቅም። "እኔን ይተዉኝ ጋሼ" ብሎ ለመናቸው፤ ቃል ገቡለት። የቡድን ፎቶ ሲሆን ግን የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው። መጀመሪያ ከአምበሉ በስተቀኝ ያቆሙታል። ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ "በል፣ አሁን ውጣ" ይሉታል። ሌሎቹ ሊጠጋጉ ሲሉ ይቆጣሉ፤ "ማንም እንዳይነቃነቅ! ቦታው የሱ ነው።" ስለዚህ በየአልበሙ ያለው ቡድናችን የፊት ጥርሱ የወለቀ ልጅ ይመስላል።

በረኛውን እወደው ነበር። ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ሆኜ መናገሩ ቀላል ነው። ያኔ ግን እልልታዬ ሜዳውን የሚያናውጠው እኔ፣ እሱ ፊት ስቆም ምላሴ ይተሳሰር ነበር።

አንድ በጋ ዙሪክ ለውድድር ሄድን። ፍጻሜው በፍጹም ቅጣት ምት ተለየ፤ የመጨረሻዋን እሱ አዳናት። የታጨደ ሣርና የተጠበሰ ቋሊማ ይሸታል፣ ፀሐይዋ ገና አልወረደችም። ጋሼ እንደ ልማዳቸው አቁመው አስወጡት፤ እሱም ቦርሳቸውን ይዞ ከኋላቸው ቆመ። እኔ ደስታ አሳብዶኝ ሮጬ ያቺ ክፍት ቦታ ውስጥ ገባሁ። "ውጪ አንቺ ልጅ!" ብለው ጮኹ፤ ጣታቸው ግን ቀድሞ ተጭኗል። በረኛው ከኋላቸው በሳቅ ፈረሰ።

ብርዱ ሲገባ የጥገኝነት ጥያቄው ውድቅ ሆነ። ማንንም ሳይሰናበት ወደ ሌላ አገር ተሻገረ። ዘንድሮ ደግሞ በሰው አገር ታሞ መሞቱን ሰማን። እናቱ ስልኬን ከአምበሉ ተቀብለው ደወሉልኝ።

"ለቅሶው ላይ ያቆምነው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ፎቶ ነው" አሉኝ። "ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። አንድ እንኳ የለሽም፣ ልጄ?"

የለኝም። ጋሼም የላቸውም።

"አንድ ቀን ሰርቄ ባነሳው ምን ነበረበት?" አሉ ጋሼ ቅዳሜ ዕለት።

"ቃልዎን ጠበቁ።"

"ታዲያ ቃሌን ልላክላቸው?"

ገጹን ስገልጥ የዙሪኩ ፎቶ መጣ። አሥሩም ልጆች ቀጥ ብለው ካሜራውን ያያሉ። እኔ ብቻ አላይም። ዓይኔ ከፎቶ አንሺው ትከሻ በላይ አልፏል፤ አፌ ተከፍቶ እስቃለሁ፣ ስደብቀው የኖርኩት ሁሉ ፊቴ ላይ ተዘርግቷል።

ፎቶውን ለእናቱ ላክሁላቸው። "እማማ፣ እሱ የለበትም። እዚህ የማየው ግን እሱን ነው" ብዬ በድምፅ አስከተልኩ።

የድምፅ መልሳቸው የደረሰኝ በሦስተኛው ቀን፣ ፕላንፓሌ አደባባይ ላይ ትራም ስጠብቅ ነው። ትንፋሻቸው ይሰማል፣ ከዚያ ቀስ ያለ ድምፃቸው።

"ፊትሽን አየሁት" አሉ። "እንግዲያው ልጄ ጎልምሶ አምሮበት ነበር።"