ለሞተሩ መጣ እንዳይሉኝ

ባለፈው ሳምንት ከክሊኒክ ስመለስ፣ ጉልበቴ እንደ ልማዱ ከእኔ ጋር ተኳርፎ፣ ቦሌ ሚካኤል አጠገብ ካለ አንድ ጋራዥ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ሐኪሙ «ብዙ አይራመዱ» ብሎኛል። ብዙ የምራመድ መስሎት ነው። ጋራዡ ውስጥ ወጣቶች አንዲት ሰይቼንቶ ከበው ቆመዋል። ለማያውቃት፣ ሰይቼንቶ ድሮ የአዲስ አበባ ታክሲ የነበረች፣ ሞተሯን ከኋላ ያዘለች፣ ለአራት ሰው ተሠርታ የመጣላትን ሁሉ የምትጭን ትንሽ የጣሊያን መኪና ናት። ልጆቹ ለሠርግ አጀብ ሊያከራዩአት ያድሷታል። ቀለም ተቀብታለች፣ ወንበሯ አዲስ ቆዳ ለብሷል። የሞተሯ ቦታ ግን ባዶ ነው።

«አባባ፣ ድሮ ይነዱ ነበር እንዴ?» አለኝ አንደኛው፣ አተኩሬ ሳያት አይቶ።

«አባቴ ነበር የሚነዳት። እኔ ስገፋ ነው ያደግኩት።»

ሳቁ። «ታዲያ ቴስታታዋ የት እንደሚገኝ አያውቁም? ቴሌግራም ላይ ለጠፍን፣ ቱርክ ድረስ አስጠየቅን። ኦሪጅናሉ የለም።»

ቴስታታ የሞተሩ ራስ ነው፤ ከላይ የሚከደነው ከባድ ብረት። ቃሉን ከሰማሁት ስንት ዘመኔ። «የማውቀው አንድ ነበር» አልኩት። «ባለቤቱ ግን ከሞቱ ቆዩ።»

«ቤተሰቦቻቸውስ አይሸጡትም?» አለ ልጁ፣ ስልኩን ከኪሱ እያወጣ።

እንደ ምንም ተነሥቼ ወደ ቤቴ አዘገምኩ፤ ሐሳቤ ግን ቀድሞኝ ገርጂ ደርሶ ነበር።

ዘመኑ ደርግ ነው፣ ወራቱ ክረምት። ሃያ አልሞላኝም። አፍሮዬን እንደ ጎጆ ክዳን ቆልዬ፣ ከታች የሰፋ ሱሪዬን እየጎተትኩ የሰፈሩን ጭቃ በነጻ እጠርግ ነበር። ራሴን የምቆጥረው ከመካኒክ ነው፤ መፍቻ ይዞ መቆም መካኒክነት ከሆነ ማለቴ ነው። አባቴ ይመር በወጣትነቱ ከወሎ መጥቶ ቦሌ ሚካኤል የከተመ የታክሲ ሹፌር ነበር። ቤታችን የሚበላው ሰይቼንቶዋ ስትዞር ነው፤ ስትቆም እኛም እንቆማለን። አንድ ቀን ከመገናኛ ሰው ጭና ስትመጣ ውሃዋን ጨረሰች፣ ሞተሩ ጋለ፣ ቴስታታው ተሰነጠቀ።

መካኒኩ ጋሽ ደቻሳ ብረቱን ወደ ብርሃን አቅርቦ አየውና «ይመር፣ ይሄ ብየዳ አይቀበልም። ሌላ ፈልግ» አለው። በዚያን ጊዜ ሌላ ፈልግ ማለት ሌላ እናት ፈልግ እንደ ማለት ነበር። መለዋወጫ ከውጭ አይገባም፤ ያለው ከአንዱ ሬሳ ወጥቶ ለሌላው የሚተከል ነው።

ፈላጊው እኔ ሆንኩ። በቦሌና በመገናኛ ያለ ቶርኖ ቤት ሁሉ እስኪሰለቸኝ ተመላለስኩ። በመጨረሻ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወርጄ፣ ከዛገ ብረት ክምር ውስጥ አንድ ቴስታታ አገኘሁ። ሻጩ «የሰይቼንቶ ነው» አለኝ። እኔም የሚያውቅ ሰው ፊት ይዤ በጣቴ አንኳኩቼ ድምፁን አዳመጥኩት፤ ምን እንደማዳምጥ ግን ራሴም አላውቅም። በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ፣ አውቶቡስ ቢያልፈኝ ጊዜ ተሸክሜው ገሠገሥኩ። መንገድ ላይ የተጠበሰ በቆሎ ገዝቼ እየጋጥኩ፣ ዝናብ እየደበደበኝ፣ አባቴ ሲስመኝ እየታየኝ ቤት ደረስኩ።

ጋሽ ደቻሳ ብረቱን ሞተሩ ላይ አስቀመጠው፤ ቀዳዳ ከቀዳዳ አልገጥም አለ። የሌላ መኪና፣ የሚሌቼንቶ ቴስታታ ነበር። «ባርኔጣው ቆንጆ ነው» አለኝ። «አሁን ደግሞ ራሱን ፈልግለት።»

አባቴ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሄዶ ከቆመችው ታክሲው ውስጥ ገባ፣ በሩን ዘጋ፣ መሪውን ይዞ ተቀመጠ፤ ዝናቡ ጣሪያዋን ይወቅጠዋል። ጋሽ ደቻሳ አየውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሰይድ፣ ራስህን አታድክም። ቴስታታው ያለው ገርጂ ነው። አባትህም ያውቃል» አለኝ።

እኔም አውቅ ነበር። ገርጂ፣ ጋሽ ገብረመድኅን ግቢ።

ጋሽ ገብረመድኅን ከትግራይ መጥተው በጸሐፊነት ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። እሳቸውና አባቴ መንታ የመሰሉ ሁለት ሰይቼንቶዎች የገዙት አገር ሊለቅ ከተዘጋጀ አንድ ጣሊያን እጅ፣ በአንድ ቀን ነው። የአባቴ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ለእንጀራ ወጣች። የእሳቸው ሸራ ለብሳ ግቢ ተቀመጠች፤ እሑድ እሑድ እሳቸውንና ባለቤታቸውን እትዬ ለተብርሃንን ቤተ ክርስቲያን አድርሳ ትመልሳለች፣ በቃ። ልጅ አልነበራቸውም። በበዓል ቀን የእስላሙም የክርስቲያኑም ሥጋ በየድስቱ ይሠራና ገበታው አንድ ይሆናል፤ ሁለቱ ሰዎች ግን ምግቡን ትተው ስለ ካንዴላ ያወራሉ።

በመካከላቸው የቀልድ ውል ነበር፦ ቀድሞ የሞተ ሞተሩን ለቀረው ያወርሳል። አባቴ ካሳለ ጋሽ ገብረመድኅን «ይመር፣ ይሄ ሳል ደስ አይልም። ለሁለተኛዋ መኪናዬ ሸራ ልግዛላት?» ይላሉ። እሳቸው ካነጠሱ አባቴ ብድግ ብሎ የመኪናቸውን የኋላ ክዳን ከፍቶ ያጎነብሳል።

«ምን ታያለህ?»

«ንብረቴን።»

እትዬ ለተብርሃን «እናንተ ሟርተኞች» ይሏቸዋል። ይህን ቀልድ ስሰማ ነው ጺም ያበቀልኩት።

ያን ክረምት ጋሽ ገብረመድኅን በጉበት ተኙ። አባቴ መጀመሪያ ሰሞን ሥራውን ሲጨርስ ታክሲውን ወደ ገርጂ አዙሮ ሳይጠይቃቸው አይገባም ነበር። ቴስታታው ከተሰነጠቀ በኋላ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ሄደ፣ እኔን አስከትሎ። ጋሽ ገብረመድኅን ትራሳቸውን ተደግፈው፣ በጠወለገ ፊታቸው ፈገግ ብለው «ንብረትህን ልታይ መጣህ?» አሉት፣ እንደ ልማዳቸው።

አባቴ ዓይኑን ከአልጋው አነሣ። መሬት መሬት አየ። ከዚያ ቀን በኋላ እግሩን ከገርጂ አነሣ። በጤና ጊዜ ሁለቱን ያሳቀ ነገር በበሽታ ጊዜ አፍ ውስጥ ድንጋይ እንደሚሆን ያኔ አየሁ።

«ለምን አትሄድም?» ትለዋለች እናቴ።

«ምን ብዬ ልሂድ? መኪናዬ በተሰበረች ማግስት ደጁን ስረግጥ፣ ለሞተሩ መጣ እንዳይሉኝ ነው።»

«ማን ነው የሚልህ?»

«ሰው ነዋ።»

«ሰው ብሎ ብሎ ይደክመዋል። ገብረመድኅን ግን ሰው እስኪደክመው አይቆይህም።»

አባቴ ኮፍያውን አንሥቶ ወደ ውጭ ይወጣል፤ የሚሄደው ግን እስከ ታክሲው ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ የቤታችን ጭንቀት መለዋወጫው መሆኑ ቀረ። እናቴም እኔም የምንጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ አባቴ ሳይረፍድ ይሄዳል ወይስ አይሄድም።

በእሱ ፈንታ የምላከው እኔ ነኝ፣ ብርቱካን አንጠልጥዬ። ያኔ ገርጂ የገብስ ማሳና ባሕር ዛፍ ነበር። ጭቃው ጫማ ይነጥቃል፤ እኔም አንዱን እግሬን ሳወጣ ሌላውን እያስያዝኩ፣ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ፣ ወንዟን በድልድይ ተሻግሬ እደርሳለሁ። እትዬ ለተብርሃን የአጃ አጥሚት በማንኪያ ያጠጧቸዋል። ክፍሉ በእርጥብ ጋቢና በመድኃኒት ሽታ ታፍኗል።

«አባትህስ?» ይሉኛል ጋሽ ገብረመድኅን፣ ገና ሳልቀመጥ።

«ጉንፋን ይዞት ነው። እንዳያጋባብዎት ብሎ ነው።»

«ባለፈውም ጉንፋን፣ ዛሬም ጉንፋን። ይሄማ ከእኔ በሽታ ይብሳል። ቀድሞኝ ሄዶ ያንን ስንጥቅ ብረት ሊያወርሰኝ ነው?» ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆነባቸው። ትንፋሻቸው ሲመለስ እጄን ያዙኝ። «ወደይ» አሉኝ፤ በትግርኛ ልጄ ማለታቸው ነው። «ቴስታታውን ይውሰድ። እኔ ከእንግዲህ የት እነዳለሁ? ግን መፍቻውን ይዞ ራሱ ይምጣ። ሲፈታው እዚህ ሆኜ ልስማው። አንተ እንዳትነካው፣ ትሰብረዋለህ።»

ስለ እኔ እንኳን እውነታቸውን ነው።

ቃላቸውን ለአባቴ ነገርኩት። «ሰውዬው አልጋ ላይ እያለ መኪናውን ፈታ ልባል ነው?» አለ።

«እሳቸው ራሳቸው ናቸው ያሉት።»

«እሱማ ይላል። እሱ ጨዋ ነው።»

አንድ ቀን ግን ዝናቡ ጋብ ሲል ኮቱን ለበሰ። ከደጅ ሳይወጣ ኪሱን ዳበሰና አንድ ጠመንጃ መፍቻ አውጥቶ መስኮት ላይ አስቀመጠ፤ ብረት ይዞ እንዳይታይ ነው። እኔ ብርቱካኔን አንጠልጥዬ አብረን ሄድን። ድልድዩ ላይ ስንደርስ አንድ የገርጂ ሰው፣ ወፍጮ ቤት የሚያመላልስ አህያውን እየነዳ፣ ሰላም ካለን በኋላ «ወደ ገብረመድኅን ነው?» አለው። እግዜር ያሳያችሁ፣ ከዚህ የተሻለ ንጹሕ ጥያቄ የለም። አባቴ ግን «አይ፣ ወዲህ ነው» ብሎ ዞረ። ወዲህ ማለት ወደ ቤት ነው። እኔ ድልድዩ ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ ወደየትኛው እንደምሄድ ጨንቆኝ ብርቱካኑን አንዱን ልጬ በላሁ።

ጋሽ ገብረመድኅን መስከረም ሳይጠባ ሞቱ። የሞታቸውን ወሬ ይዞ ሰው ሲመጣ አባቴ ጫማውን በቅጡ ሳያስር ሮጠ። ሲሞቱ መንገዱ አጠረለት።

ድንኳኑ የተተከለው ግቢው ውስጥ ነበር። መሬቱ ረጥቦ ካስማ አልይዝ ስላለ አንዱን ገመድ ከሰይቼንቶዋ የፊት መከላከያ ጋር አስረውታል። ነፋስ በመጣ ቁጥር ገመዱ ይወጠርና መኪናዋ ሸራዋ ውስጥ ሆና ሲጥ ትላለች። አባቴ ሰልስቱ እስኪያልፍ ከዚያ ድንኳን አልወጣም። የሚቀመጠው ግን ጀርባውን ለመኪናዋ ሰጥቶ ነው። ሲጥ ስትል ትከሻው ይሰበሰባል፤ አንገቱን አያዞርም።

በሰልስቱ ሰው ሳሳ ሲል እትዬ ለተብርሃን ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ።

«ይመር፣ ለምን ቀረህ?»

አባቴ «ለሞተሩ መጣ እንዳይሉኝ ብዬ ነው ለተ» አላቸው።

«እሱ ‹ለሞተሩም ቢሆን ይምጣ› ይል ነበር።» እጃቸውን ወደ ቤቱ በር ዘረጉ። «ደግሞስ የሚልህ ማን ነበር? እዚህ ቤት ያለነው እኔና እሱ ብቻ ነበርን።»

አባቴን ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው። እኔም ወደ ጓሮ ሄጄ ከእንጨት ክምር ጋር ተነጋገርኩ።

አርባቸው ሲወጣ እትዬ ለተብርሃን «መካኒኩን ይዘህ ና» ብለው ላኩብኝ። አባቴ እሺም እምቢም አላለም። ጋሽ ደቻሳ ቴስታታውን ሲፈታ እሳቸው በሩ ላይ ቆመው ብረት ከብረት ሲላቀቅ ያዳምጡ ነበር፤ እኔ መብራት እንድይዝ ብቻ ተፈቀደልኝ። አዲስ የፒስተን ፋሻና ጓርኒሲዮን የሚሉት ማሸጊያ ከየትም ተለቃቅሞ ሞተሩ ሲገጠም፣ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣ። ጋራዡ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ «ድምፁ እንዴት ያምራል» አለ። አባቴ አጠፋውና «የእኔ አይደለም» አለ።

ከዚያ በኋላ እስኪያረጅ ነዳት፤ በላን፣ ለበስን። እሑድ እሑድ በጠዋት ገርጂ ሄዶ እትዬ ለተብርሃንን ወደ መድኃኔዓለም ያደርሳቸዋል፣ እስላሙ አባቴ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሞ ቅዳሴ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ፊት ወንበር ላይ ተቀመጪ ብሎ ቢለምናቸው እምቢ አሉ። ሁልጊዜ ከኋላ፣ ሞተሩ አጠገብ ይቀመጡና ጭንቅላታቸውን ወደ ጀርባው ደገፍ አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አባቴ በመስታወቱ ያያቸዋል። ብዙ ጊዜ አብሬያቸው ሄጃለሁ፤ አንድ ቃል ሲነጋገሩ አልሰማሁም።

ሁሉም ሄደዋል። ገርጂ ማሳው ኮንዶሚኒየም አብቅሏል፤ ቦሌ ሚካኤልም የአባቴን የጭቃ ቤት በፎቅ ከብቦ ከላይ ወደ ታች ያየዋል። ቤቱ ውስጥ እኔ ብቻዬን አለሁ። ከታመምኩ ወዲህ የእህቴ ልጅ፣ ድሮ በየሳምንቱ ዳቦ ይዞ የሚመጣው፣ ድምፁ ጠፍቷል። ስደውልለት «ሥራ በዝቶብኝ ነው አጎቴ» ይለኛል። ሥራ እንደሌለው አውቃለሁ፤ ሥራ የፈታበትን ቀን የነገረኝ ራሱ ነው። ዘመድ አዝማድ ቦሌ ውስጥ ያለ መሬት ምን እንደሚያወጣ ሲያወራ ሰምቷል። ልጅ የሌለው ሽማግሌ ደጅ በመልካም ልብ መመላለስ ምን እንደሚያስብል እሱም ገብቶታል። በአባቴ ወጥቷል፣ ምን ላድርገው።

ስለዚህ ነገ እኔው ልሄድ ወስኛለሁ። ታማሚ ጠያቂውን ሊጠይቅ ሲሄድ አገር ይሳቅ። የሚኖረው ገርጂ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም፤ የሐኪሙን ምክር ታውቃላችሁ። እላይ ከደረስኩ አጎቱን ጠየቀ ይባልለታል። ደረጃው ላይ ሞቼ ከቀረሁ ደግሞ ቤቱን ይወርሳል፤ የሄድኩት እኔ ነኝና ለቤቱ መጣ የሚለው ግን አይኖርም።