አድማሴ በቃሉ የያዛቸው ሃያ አንድ ቀናት

ሲስተር ሐረገወይን በአምባ ጊዮርጊስ አቅራቢያ ባለች ጤና ጣቢያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። የመጨረሻዎቹን ሰባት ዓመታት ያሳለፈችው የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ስትረዳ ነው። ቀጠሮ የማታፋልስ፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ የምትቆጣ ሴት ናት። ልጁ ከሰው የሸሸበት፣ እንቅልፍ ያጣበት የወገራ ገበሬ ጸበል አድርሶት ሲመለስ ይዞት የሚመጣው ወደ እሷ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጎንደር የመጡ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አስጀመሯት። ከባድ ሐዘንና ጭንቀት ያለባቸው ወጣቶች በንግግር ሕክምና ምን ያህል እንደሚሻላቸው የሚፈትሽ ነበር። ወጣቱ በሳምንት አንድ ቀን ከእሷ ጋር ይነጋገራል፤ ቤቱ ሆኖ ደግሞ በየቀኑ ምን እንደሠራ፣ ስሜቱም ከዐሥር ስንት እንደሆነ በደብተር ይጽፋል። ሐረገወይን ሕክምናውን ወደደችው፤ ደብተሩ ግን አስመረራት። ሁልጊዜ ባዶውን ይመጣል። በየካርዱ ላይ «አይተባበርም» እያለች ጻፈች። ብዙዎቹም አቋርጠው ቀሩ።

ጥናቱ ሲያልቅ መሪው ዶክተር ኢዮስያስ ደወለላት።

«ሲስተር፣ ሁለተኛውን ጥናት ከመጀመራችን በፊት ወጣቶቹን ልንሰበስብ ነው። የጨረሱትንም ያቋረጡትንም። ጥናቱን አብረውን ያዘጋጁታል።»

«እነሱ? ምን ብለው?»

«እሱን ራሳቸው ይነግሩናል።»

ስልኩን ዘግታ ብቻዋን ሳቀች። ታካሚ ስለ ሕመሙ ይናገር ይሆናል፤ ስለ ጥናት ምን ያውቃል ብላ።

መንገዱ ሰላም በሆነበት ሳምንት ከአምስት ወጣቶች ጋር በሚኒባስ ጎንደር ወረደች። አዳራሹ ውስጥ ሦስት የከተማ ልጆች ተጨመሩ። ዶክተሩ ተመራማሪዎቹንና ወጣቶቹን አሰባጥሮ አስቀመጣቸውና «የደብተሩ የቤት ሥራ ላይ ምን አስቸገራችሁ?» ሲል ጠየቀ።

መጀመሪያ ፍሬ የምትባል የጎንደር ተማሪ እጇን አወጣች። «እኔ ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ግን ውሸት ነው። እናቴ ታነበዋለቻ!»

ሳቅ ሆነ። ያኔ ጋቢ ትከሻው ላይ ጣል ያደረገ የሃያ ዓመት ወጣት ቀና አለ። አድማሴ ነው፤ ከአራተኛው ቀጠሮ በኋላ የቀረው።

«እኔ እንኳ የቤት ሥራዬን ሠርቻለሁ» አለ።

ሐረገወይን አላስቻላትም። «አድማሴ፣ ደብተርህ እኮ ባዶ ነበር።»

«አልጻፍሁትም ሲስተር። ቤታችን አንድ ክፍል ነው፤ ወንድሜ ያገኘውን ሁሉ ያነባል። በቃሌ ያዝሁት።»

«ሦስቱንም ሳምንት?»

«ሦስቱንም።»

«ታዲያ ምነው አልነገርኸኝ?»

«አልጠየቁኝም። ደብተሩን ገለጥ አድርገው አዩና በረጅሙ ተነፈሱ። ከዚያ ዘጉት።»

ዶክተሩ ቀስ ብሎ «አሁንም ታስታውሰዋለህ?» አለው።

አድማሴ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ ጀመረ።

«የሕዳር ሚካኤል ለት ዜሮ፤ ከመደቤ አልወረድሁም። በማግስቱም ዜሮ። የአቡነ አረጋዊ ለት አንድ፤ ፊቴን ታጠብሁ። የኪዳነ ምሕረት ለት ሁለት፤ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ሄጄ ሰው ሲበዛብኝ ተመለስሁ። የጽዮን ማርያም ለት አራት፤ አጎቴ ሲቀልድ ሳቅሁ፣ የራሴን ሳቅ ሰምቼ ደነገጥሁ። የጊዮርጊስ ለት ተመልሶ አንድ። የመድኃኔዓለም ዋዜማ አምስት፤ ወንፈል ወጥቼ እስከ እኩለ ቀን ገብስ አጨድሁ…»

በየመካከሉ ያሉትንም ቀናት አንድ ሳይዘል ጠራቸው። ሐረገወይን ከጠረጴዛው ሥር በጣቷ ትቆጥር ነበር። የዶክተሩ እስክሪብቶ ቆሟል። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ሁሉ በልቡ ይዞ በገበያ፣ በመንገድ አልፏት ኖሯል። ቅዳሴ ላይ እንዳለች ሁሉ ሳታውቀው ከወንበሯ ተነሥታ ቆማ ነበር።

«የልደታ ማግስት ስድስት» አለ አድማሴ። «ለእርስዎ ልነግር ስለመጣሁ፣ ስድስት።»

ሃያ አንድ።

ከዚያ ወሬው እንደ ጎርፍ ወረደ። ፍሬ «እኛ ከተማ ማን ቀኑን በታቦት ያስታውሳል? እኔ በድምፄ ስልኬ ላይ ልቅዳው» አለች። አንድ ሙስሊም ወጣት ደግሞ «እኔ ከጁምዓ ጁምዓ ነው የምቆጥር» አለ። ዶክተር ኢዮስያስ ግንባሩን አሻሸ። «ሁሉም በየራሱ ከያዘው እንዴት አድርገን እናወዳድረዋለን?»

«ቁጥሩ እኮ አንድ ነው» አለ አድማሴ። «ከዜሮ እስከ ዐሥር። የሚለያይ መያዣው ነው።»

ዶክተሩ እስክሪብቶውን አነሣና ጻፈው። ሐረገወይን ዐሥራ ሁለተኛን ያልጨረሰ ልጅ ለእነዚያ ሁሉ ምሁራን መንገድ ሲያሳይ አየች፤ ዓይኗን ማመን አቃታት።

ምሳ ሰዓት ላይ በረንዳው ላይ ጠበቀችው። «ይቅር በለኝ። ‹አይተባበርም› ብዬ ጽፌብሃለሁ።»

«የት?»

«ካርድህ ላይ።»

«እንግዲያ ይሰርዙት» አለ ሳይቆጣ። እሷም በአንድ ጊዜ ሳቀችም አለቀሰችም።

አዲሱ ጥናት ስምንቱ ወጣቶች በተስማሙበት መንገድ፣ ቁጥሩን ሁሉም በየመረጠው መያዣ እየያዘ ተጀመረ። ውጤቱ ገና አልታወቀም፤ ዶክተሩም ቸኩለን አንናገር ይላል። ሐረገወይን ጋ ግን ከመጀመሪያዎቹ ዐሥራ ሁለት ወጣቶች ዘጠኙ እስከ መጨረሻው መጡ። አድማሴም ክፉ ቀን አልፎ አልፎ ይጎበኘዋል፤ ቢሆንም ትምህርቱን ቀጥሏል።

ባለፈው ጥቅምት አይከል ከተማ ላይ አድማሴ ስለ አዲሱ መንገድ ለነርሶች ሥልጠና ሲሰጥ ሐረገወይን ከሠልጣኞቹ ጋር አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ጥንድ ጥንድ ሆኖ መለማመድ ሲመጣ ቁጥሩ ጎዶሎ ሆኖ እሷ ያለ ጥንድ ቀረችና አድማሴ ራሱ ፊቷ ተቀመጠ። እሷ ታካሚ፣ እሱ ሐኪም ሆኑ።

«ሳምንቱ እንዴት ነበር?» አላት።

የሆነ ነገር ልትፈጥር አፏን ከፈተች፤ አልመጣላትም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። አድማሴ አልቸኮለም፤ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቃት።

«ሰኞ…» አለች በመጨረሻ፤ ከዚያም እውነቱን መንገር ጀመረች።