ዘርፈሽዋል ዋስ የሆነችበት ጥናት

ዘርፈሽዋልን የማያውቅ የሞንትቤሎ ሰፈር ሐበሻ ካለ ወይ ትናንት የመጣ ነው ወይ ቤተ ክርስቲያን አይስምም። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ጥግ ላይ የደም ግፊት መለኪያዋን ዘርግታ ትቀመጣለች። አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በስደተኞች ደም ግፊት ላይ ለሚያካሂደው ጥናት ግፊቱን የሚያስለካና ደም የሚሰጥ ሰው መመልመል ሥራዋ ነበር። የኛ ሰው ደግሞ ደሙን ለፈረንጅ ጥናት ከሚሰጥ ሞቱን ይመርጣል። እሷ ግን "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ዋሱ እኔ ነኝ" ስትል እጅጌው ይጠቀለላል። ዕድሜ ልካቸውን ሐኪም የሸሹት ጋሽ ፍቅረሥላሴ እንኳ "ላንቺ ስል" ብለው ሰጡ። ግፊታቸው ጣሪያ ነክቶ ተገኘና ከዚያ ወዲህ በየወሩ ይለኩ ጀመር።

ከዚያ የዋሽንግተን ወሬ መጣ። የዩኒቨርሲቲዎች የምርምር ገንዘብ ሊቆረጥ ነው ተባለ። የዘርፈሽዋል አለቆች ትልልቆቹን ጥናቶች ለማትረፍ ብለው፣ ማንም ዝጉ ሳይላቸው፣ መንግሥት የማይወደው "ስደተኛ" የሚል ቃል ያለበትን ጥናት ሁሉ ራሳቸው ዘጉ። እሷንም ወደ ሌላ ቢሮ አዛወሯት።

በሷ ዋስትና ጥናቱ ውስጥ ለገቡት ሽማግሌዎች "ጥለዋችሁ ነው" ማለት አቃታት፤ አፈረች። "ዩኒቨርሲቲውና መንግሥት ትንሽ ተጋጭተው ነው፤ ሲስማሙ እንጠራችኋለን" አለቻቸው።

እስቲ አሁን ለሐበሻ ሽማግሌ ተጋጭተዋል ይባላል? ጋሽ ፍቅረሥላሴ ባልና ሚስት አስታርቀዋል፣ የታክሲ ሸሪክ አስታርቀዋል፣ የቤተ ክርስቲያኑን ቦርድ ሳይቀር አስታርቀዋል። "ታዲያ እስከ ዛሬ ሽማግሌ አልላኩም?" አሉ። ሁለት ሰው ጨምረው፣ ነጠላቸውን ለብሰው እኔ ምናሉ ቤት መጡና "ምናሉ፣ አንተ ዳውንታውን ፓርኪንግ ትሠራ የለ? ማቆሚያ ቦታ አታጣም፤ ዩኒቨርሲቲው ድረስ ንዳ" አሉኝ።

ዘርፈሽዋል ይህን ሰምታ ደወለችልኝ። "ምናሉ፣ በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ መኪናዬ ተበላሽቷል በላቸው።"

"ምን አስፈራሽ? ቢበዛ ተጨባብጠው ይመለሳሉ" ብዬ ሳቅኩባት። እውነቱን ያኔ አላውቅማ።

ፓርክ አድርጌ አብሬያቸው ወጣሁ። የጥናቱ ኃላፊ የነበረችው ጨዋ ሴት ናት፣ ተነስታ ወንበር ሰጠች። ዘርፈሽዋል ልታስተረጉም መሀል ተቀመጠች።

"ማን በደለ ብለን ልንፈርድ አልመጣንም" አሉ ጋሽ ፍቅረሥላሴ። "የተቀየመውን ወገን እኛ እንለምናለን። ብቻ ታርቃችሁ ሥራው ይቀጥል።"

ሴትዮዋ ትርጉሙን ሰምታ ግራ ተጋባች። የተጣላ እንደሌለ፣ ዝጉ ያላቸውም እንደሌለ፣ ሌሎቹን ለማዳን ይሄኛውን ራሳቸው መርጠው እንዳወጡት ተናገረች። "ዘርፈሽዋል የነገረቻችሁ መስሎኝ" ብላም ጨመረች።

እንግሊዝኛው እኔም ገብቶኛል። ሽማግሌዎቹ ግን የዘርፈሽዋልን አፍ ነው የሚያዩት። ብትፈልግ "እናስብበታለን አሉ" ብላ ትገላገል ነበር። እኔ ራሴ እንድትዋሽ ፈልጌ ነበር፤ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። እሷ ግን ወደ ጋሽ ፍቅረሥላሴ ዞረች።

"አልተጣላንም ነው የሚሉት፣ ጋሼ። ያወጡን ራሳቸው ናቸው። እኔም አውቅ ነበር፤ ዋሽቻችኋለሁ።"

ጋሽ ፍቅረሥላሴ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። "ስለ ወንበሩ እግዜር ይስጥልኝ በያት" አሉ። ዘርፈሽዋል አንገቷን ደፍታ እስከ መኪናው ሸኘችን። በሩን ስከፍትላቸው ወደ እሷ ዞሩ፤ አልተቆጡም።

"ልጄ፣ እኔ ዩኒቨርሲቲ የሚባል ሰው አላውቅም። ደሜን የሰጠሁት ላንቺ ነው።"

በሚቀጥለው እሑድ ራሷ የገዛችውን መለኪያ ይዛ እዚያው ጥግ ተቀመጠች። አንድም ሰው ጠጋ አላለም። እኔም ስልኬን እያየሁ አለፍኩ፤ ምን ብዬ ዓይኗን ልይ? ጋሽ ፍቅረሥላሴ ለምሳ እጃቸውን ታጥበው፣ እጅጌያቸውን እንደ ጠቀለሉ መጡ። እንደ ወትሮው ጉንጯን ስመው ቤተሰቧን ሁሉ ጠየቁ። እሷም ደስ ብሏት መለኪያውን አነሳች።

እሳቸው ቀስ ብለው እጅጌያቸውን አወረዱና ቁልፉን ቆለፉ።

"ደኅና ነኝ፣ የኔ ልጅ፤ ምንም የለብኝም" ብለዋት ወደ ምግቡ ሄዱ።