ሁለቱ ዜሮዎች

ባለፈው እሁድ የቤተ ክርስቲያናችን ወጣት መዘምራን የጋሽ ታደለን መዝሙር ሲዘምሩ፣ «ሁሉም ሲሄድ አንተ ግን» ብለው ድንገት ቀጥ አሉ፤ ሁለት ምት ያህል ቆዩና «ቀረህልን» አሉ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ዓይኗን ጨፍና እንባዋን አፈሰሰች። እኔ ደግሞ፣ ይቅር ይበለኝና፣ ሳቄ መጣ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ቤታችን ጉለሌ፣ ከዊንጌት ዝቅ ብሎ። ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጓል፤ የመዘምራን መሪያችን የጋሽ ታደለ አኮርዲዮንም ከነመዝሙር ደብተሮቻቸው ተወስዷል። ራሳቸው የደረሷቸው መዝሙሮች የቀሩት ጭንቅላታቸው ውስጥ ብቻ ነው፤ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ እርሳስ አይዝም፣ ሳሉም ከቀን ወደ ቀን ይብስባቸዋል። «አብረውኝ እንዳይቀበሩ» ብለው፣ ጆሮዬን ወደውት ይሁን ዝምታዬን እንጃ፣ እኔን መረጡ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው እሄዳለሁ፤ ለጠየቀኝ ሁሉ ሂሳብ ላጠና ነው። ደብተሬን ያየም አይጠረጥርም፤ ዶን አንድ፣ ሬን ሁለት፣ ሚን ሦስት እያልን ዜማውን በቁጥር ነበር የምንጽፈው፣ ዝም የሚባልበት እያንዳንዱ ምት ደግሞ ዜሮ ነው። እናቴ ደብተሩን እያገላበጠች «ጎበዝ!» ትለኛለች፤ የትምህርት ቤቱ የሂሳብ ውጤቴ ለምን ቁልቁል እንደሚወርድ ግን እስከ መጨረሻው አልገባትም፣ ምስኪን።

መጀመሪያ ላይ ጆሮዬ አልታዘዝ አለኝ። ጋሽ ታደለ በቀስታ ያንጎራጉራሉ፤ ባለቤታቸው እትዬ በላይነሽ ድምፃችን ውጭ እንዳይሰማ ጨርቅ ያልገባበት የስፌት መኪና ይረግጣሉ፤ እኔ በዚያ ሁሉ ትርትርታ መሀል አምስት ይሁን ስድስት ጠፍቶኝ እርሳሴን አኝካለሁ። «አትቸኩዪ፤ መጀመሪያ ራስሽ ዘምሪው፣ ከዚያ ጉሮሮሽን ጠይቂው» ይሉኛል። እውነትም ጉሮሮ ይመልሳል! ወራት አልፈው እኮ ቆራሌው በሰፈር ሲጣራ ሳይቀር ሦስት ሦስት አምስት እያለ ይሰማኝ ጀመር።

የመጨረሻውን መዝሙር የጨረስን ዕለት ደብተሩን ከፍቼ ሁሉንም በተራ ዘመርኩላቸው። «አንተ ግን» ላይ ስደርስ ሁለት ምት ጠብቄ ቀጠልኩ። ጋሽ ታደለ ቀና አሉ።

«እዚህ ጋ ምን ሆነሽ ነው ዝም ያልሽው?»

«ዜሮ ነዋ ጋሼ። እርስዎም እዚህ ጋ ዝም ብለው ነበር።»

ትንሽ አሰቡና ጭናቸውን መቱ። «አይ የኔ ልጅ! ያን ዕለት እኮ የቀበሌው ጥበቃ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ኮቴውን ሰምቼ ፈርቼ ነው!»

እትዬ በላይነሽ መኪናቸውን ትተው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ የጋሽ ታደለ ሳቅ ወደ ሳል ተለወጠ። ላጲስ አልያዝኩም ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ አጠፋዋለሁ ስላቸው «አደራሽን» አሉኝ።

ቅዳሜ ሳይደርስ፣ ሐሙስ ዕለት አረፉ። ስንቀብራቸው ከራሳቸው መዝሙሮች አንዱን እንኳ ድምፁን ከፍ አድርጎ የዘመረላቸው የለም፤ ሁላችንም ፈራን። ያ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ደብተሩን ይዤ ቤቴ ተቀመጥኩ፤ ላጲስም በእጄ ነበር፣ ግን እንዴት ብዬ ላጥፋው? የሳቸው ትንፋሽ የቀረኝ እዚያች ቦታ ላይ ነው። ዘመኑ ሲለወጥና ቤተ ክርስቲያናችን ሲከፈት ደብተሩን እንዳለ አስረከብኩ።

አሁን ያለው መሪ ያኔ ያልተወለደ ልጅ ነው። «ደራሲው እዚህ ጋ ቆም ብለን እንድናስብ ፈልገው ነው» እያለ ለመዘምራኑ ሲያስረዳ ሰምቼዋለሁ፤ አላረምኩትም። እትዬ በላይነሽም ካለፉ ቆዩ፤ ያን ኮቴ የማውቅ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ። ልጆቹ መስኮቱን ከፍተው፣ ማንንም ሳይፈሩ ይዘምሩታል፣ ተመስገን ነው። እኔ ግን ሁለቱ ዜሮዎች ጋ ሲደርሱ ዛሬም ትንፋሼን ውጬ ወደ በሩ አያለሁ።